የቬርና አጥር

ከማርስተን ወደ ተራራው የሚወጣ የመኪና ሰልፍ ያየ ሰው፣ መጨረሻ ላይ አቧራ ስትጠጣ የኖረች አሮጌ ጂፕ ማየቱ አይቀርም። ድሮ አረንጓዴ ነበረች ይባላል። ነጂዋ ቬርና ሎፍግሬን ናት። መጨረሻ የምትሆነው መኪናዋ ስለምትንፏቀቅ አይደለም። «ጭቃ ቀማሾች» የሚባለው የተራራ መኪና ነጂዎች ክበብ አንድ የማይጣስ ደንብ አለው፤ ማንም ሰው ከኋላው ላለው ሰው ኃላፊ ነው። መታጠፊያ ላይ የደረሰ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ የኋላኛው መኪና ሳይታይ ንቅንቅ የለም። ከሁሉም ኋላ ያለው ሰው ግን ዞሮ የሚያየው መኪና ስለሌለው፣ የከብት በር ይዘጋል፣ የወደቀ ይለቅማል፣ የቆመውን ያስነሳል። ለዚህ ደግሞ ልቡ የማይሸበር፣ እጁ የሚሠራ፣ አፉ የማያማርር ሰው ያስፈልጋል። ቬርና የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ታሟላለች። ሦስተኛውን ክበቡ ምሮላታል።

የምትለቅመው ነገር ብዛቱ! ቡሎን፣ ኮፍያ፣ የጎማ ክዳን፣ አንዴ የሰው ጥርስ ከነማስቀመጫው። የክበቡ አባል የሆነችው የታሊያ ሕፃን የጣለውን የግራና የቀኝ ጫማ እንኳ በተለያየ ቀን ከተለያየ ወንዝ ዳር አንስታ ለእናትየው መልሳለች።

እዚያው ማርስተን ተወልዳ እዚያው ነው ያረጀችው። አባቷ የብር ማዕድን ቆፋሪ ነበር። ጉድጓዱ ሲዘጋ የከተማው ግማሽ ሰው ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ባሏም አብሮ ሄደ። «ኔቫዳ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ትንሽ ስረጋጋ እወስድሻለሁ» ብሎ ነበር። ተረጋጋ፤ ከሌላ ሴት ጋር። ቬርና ይህን ስታወራ እየሳቀች ነው፤ ሳቋም የእውነት ነው። ከዚያ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ጀመረች። ማርስተን ውስጥ ከአርባ ዓመት በታች የሆነ ሰው ሁሉ፣ ፖሊሱም ቄሱም ሳይቀሩ፣ ቬርና በመስታወት አይታ «ቁጭ በል!» ያለችው ሰው ነው።

የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟ ከሮይስ ጋር፣ በወላጆቻቸው ቤት ነው። ሮይስን ጉድጓዱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ጣሪያው ተንዶ ጀርባውን መታው። ከወገቡ በታች አይሰማውም። ከወገቡ በላይ ያለው፣ በተለይ ምላሱ፣ ለሁለት ሰው ይበቃል።

ሮይስ ወደ ሐኪም የሚሄደው ተገፍቶ፣ ወደ ገበያ የሚሄደው ተለምኖ ነው። አንድ ቦታ ግን ራሱ ይጠይቃል፤ ኬትል ሐይቅ። ከተራራው ጫፍ ስር ያለ፣ አባታቸው በልጅነታቸው ዓሣ ሊያጠምድ ይዟቸው ይሄድ የነበረ ትንሽ ሐይቅ ነው። መንገዱ ድንጋይ ለድንጋይ ነው፤ በረዶው እንደቀለጠ ቬርና ጎማዋን ትንሽ ታስተነፍስና ወንድሟን በብብቱ አንስታ ጂፗ ላይ ትሰቅለዋለች።

«ቀስ በይ እንጂ! ድንች ነው እንዴ የምትጭኚው?»

«ድንች ቢሆንልኝ በወደድኩ። ድንች አፍ የለውም።»

እንዲህ እየተባባሉ ይወጣሉ፤ ሐይቁ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ቬርና በሕይወቷ ሮይስ ዝም ሲል የምታየው እዚያ ብቻ ነው።

በየካቲት ወር በአንዱ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ክበቡ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ተሰበሰበ። ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ምግብ ይዞ መጥቷል፤ የባቄላና የተፈጨ ሥጋ ወጥ በድስት፣ የበቆሎ ዳቦ በትሪ። ሊቀመንበሩ ኦሊን፣ ጡረታ የወጣ እሳት አጥፊ፣ ማንኪያ በብርጭቆ መታና እንግዳ አስተዋወቀ። ካስቲዮ ትባላለች፤ ለአካባቢው አዲስ የተመደበች ወጣት የደን ጠባቂ ናት።

ካስቲዮ ፎቶግራፎች ግድግዳው ላይ ለጠፈች። «ይሄ ወደ ኬትል ሐይቅ ስትወጡ የምታገኙት ረግረግ ነው» አለች። «መሃሉ ይጨቀያል። አንዱ ጭቃውን ፈርቶ በጎን ይዞራል። የዞረበትም ይጨቀያል። የሚቀጥለው ደግሞ እሱን ይዞራል። ድሮ አንድ መኪና የሚያሳልፍ መንገድ ነበር፤ አሁን አውሮፕላን ያሳርፋል።»

«እኛ እንኳን አንዞርም» አለ ኮልት ብራንሰን ከኋላ። ጎማዎቹ ደረቱ ድረስ የሚደርሱ መኪና ያለው፣ ጥሩ ልብ ያለው፣ ፉከራ የሚወድ ልጅ ነው። «ስማችን እኮ ጭቃ ቀማሾች ነው።»

«ማን ዞረ ብዬ አልጠየቅኩም» አለች ካስቲዮ በለሆሳስ። «ሣሩም አይጠይቅም። ዘንድሮ በጋ መዞሩ ካልቆመ፣ መንገዱ ከረግረጉ በታች የብረት በር ይገባበታል። ከዚያ በላይ በእግር ነው።»

ሁሉም የበቆሎ ዳቦውን አቀርቅሮ መመርመር ያዘ፤ ወደ ሮይስ ተሽከርካሪ ወንበር ላለማየት።

«በእግር ከሆነማ ጥሩ ነው» አለ ሮይስ። «ከዚህ ሁሉ ሰው ጫማው ያላለቀበት እኔ ብቻ ነኝ።»

ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁንም ወዲያው ዋጠው። ቬርና አልሳቀችም። ያን ድምፅ ታውቀዋለች። ሐኪሞቹ እግሩን በመርፌ እየነኩ «ይሰማሃል?» ባሉት ቀንም በዚሁ ድምፅ ነበር የቀለደው።

ኦሊን ተነፈሰ። «ረግረጉን እንጠግን ካልን ሰው ያስፈልገናል። አምና በጎ ፈቃደኛ ጠርተን ስንት ሰው መጣ? አራት። አንዱ ውሻውን ለማናፈስ ነበር።»

«ሰው ለመንገድ ብሎ አይመጣም» አለች ቬርና። «ለመኪናው ግን ይመጣል።»

«እንዴት ማለትሽ ነው?»

«ከቤታችን ጀርባ ትልቅ መጋዘን አለ። ከመጋቢት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እከፍተዋለሁ። ፍሬን መቀየር፣ ኩሽኔታ መቀባት፣ ጎማ መለጠፍ፣ የምናውቀውን እናሳያለን። ክበብ ውስጥ የሌለም ይምጣ። ብቻ እኛ ጋ መጥቶ መኪናውን ያበጀ ሰው፣ በሰኔ አንዱን ቅዳሜ ረግረጉ ላይ ይሠራልናል።»

«ታዲያ ነፃ ነዋ!» አለ ኮልት።

«ነፃ የሚባል ነገር የለም የኔ ልጅ። በወገብህ ነው የምትከፍለው።»

በመጋቢት መጀመሪያ ቅዳሜ የመጡት ሦስት መኪኖች ብቻ ነበሩ። ወሬው ግን እግር አወጣ። ማርስተን ውስጥ ጋራዥ የለም፤ ያለው ተራራውን ተሻግሮ ነው። ቆየት ብሎ ሰዉ ከጠዋት ጀምሮ በመንገዱ ዳር ይሰለፍ ጀመር። ቄሱ ባትሪያቸውን ይዘው መጡ። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠራተኛ ፍሬቻዋ የማይጠፋ መኪና ይዛ መጣች። ቬርና ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ ረጅም ወንበር ጥግ ላይ አስቀምጣ ለልጆች አደረገችው፤ እዚያ የተቀመጠ ልጅ ብስኩት ያገኛል፣ የተነሳ አያገኝም።

ሮይስ በሩ ላይ ሆኖ የመሣሪያ ሳጥኑን ጭኑ ላይ ይዞ የጉምሩክ ሹም ሆነ። ለምን እንደሚፈልገው ያልተናገረ ሰው መፍቻ አይሰጠውም። «ቡሎኑን ልፈታ» ላለው «የትኛውን? ወዴት አዙረህ? ከዚያስ በኋላ?» ይለዋል። ሰዉ ይነጫነጫል፤ ግን ሳያስበው ይማራል።

ታሊያ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ታቅፋ መጣች። ፍሬኗ ሲያዝ እንደ አሳማ ይጮኻል።

«ራስሽ ነሽ የምትቀይሪው» አለቻት ቬርና።

«ሕፃን ይዤ?»

«ወዲህ በይው» አለ ሮይስ ሳጥኑን ወለል ላይ አውርዶ። «ጭኔ እንደሆነ አይሰማውም። ቢሸናብኝም የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ታሊያ በክሪክ አነሳች፣ ጎማውን ፈታች፣ የነተበውን አውጥታ አዲሱን ገጠመች። ስትጨርስ እጇ ክንዷ ድረስ ጠቁሮ ነበር። በግቢው ውስጥ አንዴ ነድታ፣ ፍሬን ይዛ፣ ምንም ድምፅ ሳይሰማ ሲቀር ከመኪናው ወርዳ ቬርናን አቀፈቻት፤ የቬርናን ሹራብ ለዘላለም አበላሸችው። ሕፃኑ በበኩሉ ሸንቶ ነበር።

ኮልትም መጣ፤ «እኔ ለማገዝ ነው» እያለ። ቬርና የፊት ጎማውን ይዛ ወዘወዘችው፤ ጎማው እንደ ላላ ጥርስ ተወዛወዘ።

«ኩሽኔታው ግሪስ ካየ ስንት ጊዜው ነው?»

«ግሪስ... ይገባበታል እንዴ?»

ሮይስ ከበሩ ላይ «ጌታ ሆይ» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ኮልት ያን ቀን እስከ ምሳ ከመኪናው ስር አልወጣም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሌላውን ሰው እሱ ሲያሳይ ዋለ፤ ኩሽኔታን ራሱ የፈጠረው ይመስል ነበር።

ሰኔ መጣ፤ በረዶው ለቀቀ። በሥራው ቅዳሜ ኦሊን ከረግረጉ ዳር ቆሞ የሚመጣውን የመኪና ሰልፍ ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ቃሉን ያላከበረ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቄሱ አካፋ ይዘዋል። የወጥ ቤቷ ሴት ለሁሉም የሚበቃ ሳንድዊች ሠርታለች። ካስቲዮ ሥራ አከፋፈለች፤ ገሚሱ ቦይ ይጠርጋል፣ ገሚሱ የተቦጫጨቀውን ሜዳ ያስተካክላል። መኪኖቹ ከመንገዱ ወጥተው መዞር የሚጀምሩበትን ቦታ በድንጋይ አጥር መዝጋት ለቬርና ተሰጠ።

ቬርና ከዳገቱ ስር ድንጋይ እየመረጠች አስጎተተች። መጎተቻውን ገመድ ዛፍ ላይ ስታስር ልጡ እንዳይቆረጥ በሰፊ ቀበቶ ትጠቀማለች፤ «ዛፍም ቆዳ አለው» ትላለች። አንዱን ድንጋይ አስቀምጣ፣ ራቅ ብላ አይታ፣ ራሷን ትነቀንቅና እንደገና ታስነሳዋለች።

«አጥር እኮ ነው ቬርና» አለ ኦሊን ላቡን እየጠረገ። «ሐውልት አይደለም።»

«ዝም ብለህ ጎትት።»

ሲያልቅ ወገብ የሚደርስ፣ ከጥድ ዛፎቹ እስከ ወንዙ ዳር የተዘረጋ አጥር ሆነ። ድንጋዩ ከድንጋይ ጋር ተነጋግሮ የተቀመጠ ይመስላል። ሰው ሁሉ ፎቶ ተነሳበት። ካስቲዮ እንኳ «እንደዚህ ያለ የሚያምር አጥር አይቼ አላውቅም» አለች። ቬርና ያን ቀን እንደ ወትሮዋ ከሁሉም በኋላ ወረደች፤ ከመውረዷ በፊት ግን ማንም እንደማያያት አረጋግጣ አጥሯን መታ መታ አደረገችው፤ የፈረስ አንገት የምትመታ ይመስል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ታሊያ ደወለች።

«ቬርና፣ ቁጭ ብለሻል?»

«አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ ሙያዬ ቁጭ ማለት ነው። ምን ሆነሽ?»

«አጥርሽ... ሰው እየወጣበት ነው።»

«ይውጣበት፤ ልጆች ናቸው።»

«በመኪና ቬርና። በመኪና።»

ቬርና ሮይስን ጫነችና ወጣች። ረግረጉ ጋ ስትደርስ ወረፋ ጠበቃት። ከሌላ ግዛት የመጡ፣ የሞንታና ታርጋ ያላቸው አሉ፤ የዋሽንግተንም አሉ። አንዱ ተጣጣፊ ወንበር ዘርግቶ ቋሊማ ይጠብሳል። አንዱ መኪና አጥሩ አናት ላይ ሦስት እግሩን አሳርፎ አራተኛውን ሰማይ ላይ ሰቅሏል፤ ከታች ያለው ሰው ያጨበጭባል፣ በስልኩ ይቀርፃል። ከወረፋው ሁለተኛው ላይ፣ ጎማዎቹ ደረት የሚደርሱ መኪና ቆማለች። ቬርና ሄዳ መስኮቱን አንኳኳች።

«አንተም?»

የኮልት ጆሮ ቀላ። «ቬርና... እውነቱን ልንገርሽ?»

«ውሸቱንማ እያየሁት ነው።»

«ብዙ ታገልኩ። እምላለሁ። ግን ባለፍኩ ቁጥር ‹ና፣ ና› ይለኛል። እስቲ እይው! የመጀመሪያዋ ድንጋይ ለግራ ጎማ ናት። ቀጥሎ ያለችው ለቀኝ። ከላይ ያለችው ደግሞ የመኪናው ሆድ እንዳይነካ ልክ በልኩ። አንዴ ወጣሁና ለጓደኛዬ ቪዲዮውን ላክሁለት፤ እሱ ለጓደኛው... አንቺስ ብትሆኚ፣ ማን እንደዚህ አሳምረሽ ሥሪው አለሽ?»

ቬርና ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ግን ዓይኗ አጥሩ ላይ አረፈ። ለግራ ጎማ። ለቀኝ ጎማ። እውነቱን ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ድንጋይ ባየች ቁጥር «ጎማዬን የት ላሳርፍ?» እያለች የኖረች ሴት፣ አጥር ሥሪ ስትባልም እጇ የለመደውን ሠራ። ያቺ ድንጋይ አትሆንም፣ ይቺ ትሻላለች ስትል የነበረው ለዚህ ነው። የሠራችው አጥር አልነበረም፤ ደረጃ ነበር። በአውራጃው ውስጥ ካለው ሁሉ ያማረ ደረጃ።

ሮይስ ጂፗ ውስጥ ሆኖ እንባው እስኪፈስ ይስቅ ነበር። «ከሞንታና! እህቴን ሊሳለሙ ከሞንታና ድረስ መጡ!» ከዚያ አንገቱን አስግጎ ከአጥሩ ማዶ ያለውን አየ። ሰው ሁሉ ወጥቶ የሚወርድበት ሜዳ ነበር። ሣሩ ተገልብጦ ጥቁር ውሃ ቋጥሯል፤ የጎማው ቦይ ጉልበት ያሰጥማል። ሳቁ ቆመ።

«ወደ ቤት እንሂድ» አለ።

«ሐይቁስ?»

«ዛሬ አላሰኘኝም።»

ሮይስ ሐይቁ አላሰኘኝም ሲል ሰምታ አታውቅም። ቁልቁል ሲወርዱ አንድም ጊዜ «ቀስ በይ» አላላትም፤ ያ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበር።

በማግስቱ ካስቲዮ ራሷ መጋዘኑ ድረስ መጣች። ፊቷ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም፤ እሱ ነው ቬርናን ያስፈራት።

«ልፋታችሁን አይቻለሁ» አለች። «ግን በሩ ታዟል። በጋው ሲያልቅ ይተከላል። ይቅርታ ወይዘሮ ሎፍግሬን።»

«ቬርና በይኝ። ሰው ክፉ ዜና ሲነግረኝ በስሜ ቢጠራኝ ይሻለኛል።»

ካስቲዮ ከሄደች በኋላ ቬርና የተጣለ ቡሎን እየለቀመች በመጋዘኑ ውስጥ ተንጎራደደች። የኮልት ነገር ከጆሮዋ አልወጣም። ና፣ ና ይለኛል። ልጁ ሰበብ እየፈለገ አልነበረም፤ ድንጋይ የሚወድ ሰው ድንጋይ ያለበት ይሄዳል። ሜዳ ላይ የሚዞሩትስ ለምንድን ነው? መንገዱ ጭቃ ብቻ ስለሆነ፣ ጭቃ ደግሞ አጥልቆ ከማስቀረት በቀር የሚያጫውተው ነገር ስለሌለው ነው የሚዞሩት። ቆም አለች።

«ሮይስ፣ ድንጋዩን ያስቀመጥነው ያለ ቦታው ነው።»

«እሱንማ የሞንታና ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«አይደለም ስማኝ። አጥሩን አፍርሰን መንገዱ ላይ እናድርገው። ጭቃው መሃል። ውሃው በድንጋዩ ስር ይሂድ፣ መኪናው በላዩ። መውጣት የሚፈልግ እዚያ ይውጣ! ዙሪያውን ደግሞ በጭራሮና በቁጥቋጦ እንሞላዋለን። ጭራሮ ላይ ወጥቶ የፎከረ ሰው አይቼ አላውቅም።»

የሮይስ ዓይን በራ። ቬርና ግን ፊቷ ጠቆረ፤ ሐሳቧ እስከ መጨረሻው የደረሰው ገና አሁን ነበር።

«ምነው?»

«ይከብዳል መንገዱ። ያን ድንጋይ ስናልፍ መኪናው እንዴት እንደሚነቀንቅ ታውቃለህ። ጀርባህ ውስጥ ብረት አለ። አሁን እንኳ ከሐይቁ በመጣህ ቁጥር ሁለት ሦስት ቀን አትቀመጥም።»

ሮይስ መፍቻውን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየ። «ጭቃው ሲሆን ጀርባዬ ደህና፣ ሐይቁ ዝግ። ድንጋዩ ሲሆን ሐይቁ ክፍት፣ ጀርባዬ... እንግዲህ ጀርባዬ። ይሄ ነው ሒሳቡ?»

«ይሄ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? ከሰውነቴ የሚሰማኝ እሱ ነው የቀረኝ። ተይው ይሰማኝ። ደውዪላት።»

ካስቲዮ ወዲያው እሺ አላለችም። ረግረጉን ሁለት ጊዜ ወጥታ አየች፣ ውሃው በየት እንደሚሄድ በእንጨት ምልክት አደረገች፤ ጠፍጣፋው ከስር፣ ትልልቁ ከላይ፣ መንገዱም ከአንድ መኪና እንዳይሰፋ አለች። «በሩን ማዘዣው ላይ አቆየዋለሁ እንጂ አልሰርዘውም» አለች። «በመስከረም መጥቼ ሜዳው ላይ አዲስ የጎማ ዱካ ካየሁ፣ ነገሩ አለቀ።»

ሰዉ የገባውን ቃል አንዴ ከፍሏል፤ ሁለተኛ ቅዳሜ የመጠየቅ መብት አልነበራትም። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ቬርና ረግረጉ ዳር ቆማ የመጡትን ስታይ፣ ታሊያ ከሕፃኗና ከታላላቆቹ ልጆቿ ጋር፣ ኦሊን፣ ቄሱ፣ ሌሎች ጥቂት ብቻ ነበሩ። ለዚያ ሁሉ ድንጋይ አይበቁም። ጓንቷን አጠለቀችና ምንም ሳትል ጀመረች። ፀሐይ ሞቅ ሲል ከታች የሞተር ድምፅ መጣ፤ ፊት ኮልት፣ ከኋላው የሞንታና ታርጋ፣ ከኋላው ደግሞ ሌላ የሞንታና ታርጋ። ያ ቋሊማ ጠባሽም አለበት፤ ምድጃውን ይዞ።

«አጥሩ ላይ የወጣ ሁሉ ሊያፈርሰው ይምጣ አልኳቸው» አለ ኮልት፣ መሬት መሬት እያየ። «ያልመጣ ፈሪ ነው አልኩ።»

«ይሄን ቃል ያዘው» አለ ሮይስ ከጂፗ ውስጥ። «ይጠቅመናል።»

ቀኑን ሙሉ አፈረሱ፣ ጎተቱ፣ ገጣጠሙ። ቬርና በዚህ ጊዜ እጇን አልከለከለችውም፤ ለግራ ጎማ፣ ለቀኝ ጎማ፣ ሆድ እንዳይነካ። ታሊያ ልጆቹን አሰልፋ የአኻያ ቅርንጫፍ በእጃቸው አስያዘቻቸው፤ ልጆቹ በተቦጫጨቀው ሜዳ ላይ ጭቃው ውስጥ ይሰኩታል፣ ራሳቸውም ይሰካሉ፣ እናታቸው እየነቀለች ታወጣቸዋለች። ሮይስ ደግሞ ጭኑ ላይ ሳንቃ አስቀምጦ በቀለም ሲጽፍ ዋለ። ማታ ላይ የድሮው መዞሪያ አፍ ላይ ተተከለለት፦ «ይህ የፈሪዎች መንገድ ነበር። ተዘግቷል።»

ካስቲዮ ሰሌዳውን አንብባ ሰማዩን አየች። «ይሄን ሰሌዳ እኔ አላየሁትም» አለች።

መኪኖቹ አንድ በአንድ ድንጋዩ ላይ ወጥተው ተሻገሩ፤ ኮልት መጀመሪያ፣ ቬርና እንደ ደንቡ መጨረሻ። ሮይስ ቀበቶውን አጠበቀና የበሩን እጀታ ያዘ። የመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ጂፗ ተነሳች፣ ተንጋደደች፣ ዝቅ ስትል የሮይስ ፊት እንደ ወረቀት ነጣ። ቬርና ፍሬን ያዘች።

«ሮይስ?»

«ማን ቁሚ አለሽ? ንጂ!»

ነዳች። ማዶ ሲደርሱ ሮይስ እጀታውን ለቀቀ። ከዚያ «ያቺ ሦስተኛዋ ድንጋይ የተቀመጠችው ያለ ቦታዋ ነው» አለ። ቬርና ያን ጊዜ ነው የተነፈሰችው።

በበጋው ብዙ መኪና ወጣ ወረደ። ከየትም የመጣ ነጂ ሰሌዳውን ሲያነብ ይስቃል፤ ሳቁን ሳይጨርስ መሪውን ወደ ድንጋዩ ያዞራል። ጓደኞቹ ፊት ፈሪ ሊባል የመጣ የለማ። መጋዘኑም ቅዳሜ ቅዳሜ አልተዘጋም፤ ሰው መምጣቱን አልተወምና።

በመስከረም ካስቲዮ ሜዳውን በእግሯ ዞረች። ቬርና ጂፗን አቁማ መሪውን ይዛ ጠበቀች፤ ሮይስ አጠገቧ ነው፤ ሁለቱም የሚያዩት የዚያችን ልጅ ጀርባ ነበር። ካስቲዮ አንድ ቦታ ላይ ጎንበስ ስትል ቬርና መሪውን ጨበጠችው።

ካስቲዮ ተመልሳ መጥታ መስኮቱ ላይ ተደገፈች። «ዱካ አለ» አለች።

«የማን?»

«የአጋዘን። አኻያውን እየበላ ነው። እሱን በር አያግደውም።» ትንሽ ፈገግ አለች። «በሩን ሌላ ቦታ ይፈልጉታል። ለከርሞ ደግሞ እናያለን ቬርና። ቃል አልገባም፤ ግን ለዘንድሮ ክፍት ነው።»

ቬርና ማርሽ አስገባች። ድንጋዩን ቀስ ብላ ተሻገረች።

ሐይቁ ጋ ሲደርሱ ሮይስ መቀመጥ አልቻለም፤ ጀርባው ተያይዟል። ቬርና ብርድ ልብስ አንጥፋ በጀርባው አስተኛችው። ሰማይ ሰማይ እያየ ብዙ ቆየ። ነፋስ አልነበረም። ዓሣ አንዴ ዘለለ።

«ቬርና።»

«እ።»

«ትንሽ ወደ ውሃው ጠጋ አርጊኝ።»

ብብቱ ስር ገብታ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ጎተተችው፤ ተረከዙ አሸዋው ላይ ሁለት መስመር እየሠራ ሄደ። ውሃው ጋ ስትደርስ አዞረችውና እግሮቹን ውሃው ውስጥ አስገባች፤ እሷም ከኋላው ተቀምጣ ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ሮይስ እግሮቹ ውሃው ውስጥ ሲወዛወዙ አየ።

«ይቀዘቅዛል?» አላት።

እጇን ነከረች። «በጣም።»

«ጥሩ» አለ።